በኮፍያ ላባ መንቀጥቀጥን የለየው ሐኪም፦ ዣን ማርታን ሻርኮ

ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ፣ ሳልፔትሪዬር የሚባል ሆስፒታል የትምህርት አዳራሽ ብትገቡ ግራ የሚያጋባ ነገር ታዩ ነበር። ረጅም ላባ የተሰካበት ኮፍያ ያደረጉ ሴቶች መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል። ሠርግ አይደለም፣ ቲያትርም አይደለም። ሁሉም ሕመምተኞች ናቸው፤ ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። የላባው አረጋገብ ግን ይለያያል። የአንዷ በዝግታ፣ የሌላዋ በፍጥነት፣ የሦስተኛዋ ደግሞ ዝም ብሎ ቆይቶ ስትንቀሳቀስ ብቻ ይርገበገባል። መጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ተማሪ ሳይቀር ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።

ይህን ዘዴ የተጠቀመው ዣን ማርታን ሻርኮ ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ብትሆኑ አይገርምም። ፓርኪንሰን የሚለውን ቃል ግን ሰምታችኋል። በሽታው በዚህ ስም እንዲታወቅ ያደረገው እሱ ነው። ስቴፈን ሆውኪንግን ዊልቸር ላይ ያስቀመጠውን በሽታ ከሌሎች ለይቶ ያወጣውም እሱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ቤት ሰው ታሞ ሲንቀጠቀጥ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል እንላለን፣ አለቀ። የስኳር ሕመምተኛው፣ የኩላሊት ታማሚዋ፣ ወባ የያዘው ልጅ፣ እጃቸው ሻይ የሚያፈስባቸው አያታችን፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ። ሻርኮ ዕድሜውን የፈጀው ይህን አንድ ቃል በመበተን ነው።

የተወለደው በኅዳር 1825 እዚያው ፓሪስ ነው። አባቱ የፈረስ ጋሪ ሠሪ ነበሩ። የተንደላቀቀ ኑሮ አልነበራቸውም። ልጁ ዝምተኛ፣ ዓይን አፋር፣ ለብቻው ተቀምጦ ሥዕል የሚሥል ዓይነት ነበር። ሠዓሊ ልሁን ሐኪም ልሁን እያለ ሲያመነታ ቆይቶ ሕክምናውን መረጠ፣ እርሳሱን ግን አልጣለም። እስኪሞት ድረስ ሕመምተኞችን ይሥል ነበር፤ ሞሮኮ ለጉብኝት ሄዶ እንኳ እዚያ ያየውን የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሥሎ ተመልሷል። በእኛ ግምት ሐኪም ያደረገው የሠዓሊ ዓይኑ ነው። ሌላው ሐኪም ሕመምተኛውን ምን ያምሃል ብሎ ሲጠይቅ እሱ ዝም ብሎ ያያል። አሁንም ያያል። ልብስ አስወልቆ፣ አስቁሞ፣ አስኪዶ፣ ለረጅም ጊዜ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ያያል።

በ1853 የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው ሪህን ከሌላው ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ በሽታ በመለየት ላይ ነበር። መለየት የሚለው ነገር ገና ከዚያ ጀምሮ ተጠናውቶታል። በ1862 ደግሞ ጓደኛው ቩልፒያን እና እሱ ሳልፔትሪዬር ውስጥ የክፍል ኃላፊ ሆኑ። ይህ እንደ ሹመት የሚያስቀና አልነበረም።

ሳልፔትሪዬር ምን ዓይነት ቦታ መሰላችሁ? ስሙ የመጣው ለባሩድ ከሚያገለግል ጨው ነው፤ መጀመሪያ ላይ የባሩድ ማዘጋጃ ነበር። በ1656 በሉዊ 14ኛ ትእዛዝ የድሆች ማጎሪያ ሆነ። ሻርኮ ሲገባ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሴቶች ይኖሩበታል፦ አሮጊቶች፣ ድሆች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ የአእምሮ ሕመምተኞች፣ ሽባዎች። ብዙዎቹ ገብተው የሚወጡት ሲሞቱ ነው። (ልዕልት ዲያና በ1997 ሕይወቷ ያለፈው በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ ትልቅ ዘመናዊ ሆስፒታል ነው።) ዝና የሚፈልግ ሐኪም እንዲህ ያለ ቦታ አይቀመጥም። ሻርኮ ግን ሌላው ያላየውን አየ። አንድን ሕመምተኛ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ መከታተል የሚቻልበት ሌላ ቦታ የለም። ሁለቱ ጓደኛሞች እያንዳንዱን ክፍል እየዞሩ ሴቶቹን አንድ በአንድ መዘገቡ። በሕይወት ሳሉ ምልክታቸውን ይጽፋሉ፤ ሲሞቱ ደግሞ አንጎላቸውንና አከርካሪያቸውን ከፍተው በአጉሊ መነጽር ያያሉ። ምልክቱና ቁስሉ ሲገጣጠም በሽታው ስም ያገኛል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ይጀምራል።

በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ብሎ የሰየመውን በሽታ በስድስት ሰዎች ላይ ተመርኩዞ ጽፎ ነበር። ከስድስቱ የተወሰኑትን ያያቸው መንገድ ላይ ነው፤ አልመረመራቸውም። ጽሑፉ ብዙ ሰው ሳያነበው ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆየ። በዚያ ላይ በሻርኮ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ ሁሉ እዚያው አንድ ቅርጫት ውስጥ ይጣል ነበር።

ሻርኮ ቅርጫቱን ገለበጠው። ሁለት ሴቶችን አስቡ። የመጀመሪያዋ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች፤ እጇ ግን አላረፈም። አውራ ጣቷ በሌሎቹ ጣቶች ላይ እየተሽከረከረ ክር የምትፈትል ትመስላለች። ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ሁለተኛዋ እጇን ስታሳርፍ ምንም የለባትም። ብርጭቆውን አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ ግን መንቀጥቀጡ ይጀምራል፤ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ይብስና ውኃው ይደፋል። የመጀመሪያዋ ፓርኪንሰን ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ ሻርኮ በ1868 በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ጠጠር ያሉ ጠባሳዎች አግኝቶ በዝርዝር የገለጸው መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሁለት በሽታ ለየ!

ስለ ብርጭቆ ካነሳን፣ ሻርኮ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት እንደነበረች ይነገራል። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሳህኑን ሁሉ ትሰብራለች። ሌላ አሠሪ ቢሆን ያባርራት ነበር፤ እሱ ግን ኪሳራውን ችሎ ሕመሟን ተከታተለ። ስትሞት አስከሬኗ ሲመረመር እነዚያው ጠባሳዎች ተገኙ። ደግነት ነው ወይስ የምርምር ጉጉት? ምናልባት ሁለቱም።

የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት የሚለውንም ስም አልወደደውም። ሕመምተኞቹ ሽባ አይደሉም፤ ጉልበት አላቸው። ችግራቸው መገተርና መዘግየት ነው፤ ፊታቸው እንደ ጭምብል ይሆናል፣ ጽሑፋቸው ያንሳል፣ ከወንበር መነሳት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ጭራሽ የማይንቀጠቀጡም አሉ። ስለዚህ በሽታው በመጀመሪያው ጸሐፊ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ፓርኪንሰን ራሱ ያኔ ከሞተ ቆይቷል። የራሱን ስም መለጠፍ ሲችል የሌላውን ስም ማንሳቱ ለእኛ የሚከበርለት ነገር ነው።

ወደ ላባው እንመለስ። አንዳንድ አረጋውያን ጭንቅላታቸው አይሆንም አይሆንም ወይም አዎ አዎ እንደሚል ሰው ይወዛወዛል። ሻርኮ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ጭንቅላት ግን ራሱ አይንቀጠቀጥም፣ የሚያነቃንቀው የሰውነቱ መንቀጥቀጥ ነው ብሎ ይከራከር ነበር። ላባው ይህን ለማሳየት ጥሩ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ነገሩን ትንሽ አክርሮታል፤ በፓርኪንሰን አገጭና ከንፈር ይንቀጠቀጣሉ። መሠረቱ ግን ልክ ነው። ጭንቅላት ብቻውን ሲወዛወዝ፣ ሁለቱም እጆች ዕቃ ሲይዙ ወይም ሲዘረጉ ሲንቀጠቀጡ፣ ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው እንጂ ፓርኪንሰን አይደለም። አያታችሁ ስኒ ሲይዙ ብቻ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ አባታቸውም እንዲህ ከነበሩ፣ ፓርኪንሰን ነው ብላችሁ ከመደምደም ተቆጠቡ።

ዓይኑ ብቻ አልበቃው ሲል መሣሪያ ተጠቀመ። ማሬ የተባለ ፈረንሳዊ የልብ ምትን ወረቀት ላይ የሚሥል መሣሪያ ነበረው፤ ሻርኮና ተማሪዎቹ እጅ ላይ እያሰሩ መንቀጥቀጥን በሰከንድ ይቆጥሩ ጀመር። ፓርኪንሰን ዝግተኛ ነው፣ በሰከንድ 4 ወይም 5 ጊዜ ያህል። የመጠጥ ሱሰኛውና የእንቅርት ዕጢው ከልክ በላይ የሚሠራ ሰው መንቀጥቀጥ ግን ፈጣንና ጥቃቅን ነው፣ ወደ 8 እና 9 ይደርሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ችግር በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ በመድኃኒት የሚታከም ነው። ክብደት እየቀነሰች፣ ልቧ እየመታ፣ ሙቀት የማትችል ወጣት እጇ ሲንቀጠቀጥ ቡና ስለጠጣሽ ነው ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ቡናም ቢሆን ያባብሳል፤ የአስም መድኃኒትም (ቬንቶሊን) እጅ ያንቀጠቅጣል።

እስካሁን ያወራነው መንቀጥቀጥ ምት ያለው ነው፤ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ፣ እንደ ሰዓት። ምት የሌለውስ? ጡንቻ ድንገት ነጠቅ ሲል፣ እጅ ያለ ፈቃዱ ዘሎ ሲመለስ፣ ያ ሌላ ቤተሰብ ነው። ሁላችንም እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ብርግግ የምንለው ነገር የዚህ ዘመድ ነው፤ ስቅታም እንደዚያው። ሁለቱም በሽታ አይደሉም። በ1881 ፍሪድራይክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ነጠቅ ማለት ራሱን አስችሎ ጻፈ። በ1885 ደግሞ የሻርኮ ተማሪ ዢል ደ ላ ቱሬት ሰውነታቸው በድንገት ነጠቅ የሚልና ሳይፈልጉ ድምፅ የሚያወጡ ዘጠኝ ሰዎችን ገለጸ። ያንን በሽታ በቱሬት ስም የሰየመው መምህሩ ሻርኮ ነው።

የመነጠቅ ነገር ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ሌላ ትርጉም አለው። የጉበት ወይም የኩላሊት ታማሚ እጁን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን እንደ ማቆሚያ ምልክት ቀና ሲያደርግ እጁ ድንገት ጠብ እያለ የሚመለስ ከሆነ፣ ክንፍ እንደሚያርገበግብ ወፍ ከሆነ፣ ይህ ተራ መንቀጥቀጥ አይደለም። ቆሻሻው ደም ውስጥ ተከማችቶ አንጎል ላይ መድረሱን ሊያሳይ ይችላል። ሻርኮ ይህን አልጻፈውም፤ የተገለጸው በ1949 ነው። ንግግሩም ከተደነባበረ፣ ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል።

ከቆዳ ሥር ጡንቻ እንደ ትል ውር ውር ሲልስ? ሻርኮ ከ1869 ጀምሮ የገለጸው፣ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ በእሱ ስም የሚጠሩት በሽታ አንዱ ምልክቱ ይህ ነው፤ ሆውኪንግን የያዘው። ግን እንዳትደነግጡ። በዚያ በሽታ ጡንቻው ይከሳል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ዕቃ ከእጅ ይወድቃል። እንቅልፍ አጥታችሁ ስልክ ላይ ስታፈጡ ያደራችሁ ቀን የዓይናችሁ ቆብ ቢርገበገብ ሻርኮን መጥራት አያስፈልግም። አንዳንዶቻችን እንግዳ ሊመጣ ነው እንላለን፤ እሱ ይሻላል።

ሦስተኛው መንዘፍዘፍ ነው፤ ብርድ ብርድ ማለት። እዚህ ላይ የሻርኮ መሣሪያ ቴርሞሜትር ነበር። ስለ አረጋውያን በሽታ በሰጠው ትምህርት፣ በሸመገለ ሰውነት ትኩሳት ተደብቆ ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ብብት ሥር ብቻ ለክቶ ደህና ነው ማለት እንደሚያታልል አስተምሯል። መንዘፍዘፍ የነርቭ ብልሽት አይደለም። አንጎል የሰውነትን የሙቀት መጠን ከፍ ለማድረግ ሲወስን ጡንቻዎችን አንቀጥቅጦ ሙቀት ያመርታል። ወባ የያዘው ሰው የሚያቃጥል ሰውነት ይዞ ሦስት ብርድ ልብስ የሚደርበው ለዚህ ነው። መላ ሰውነት ይርዳል፣ ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ያልፍና ላብ ይመጣል። ፓርኪንሰን እንዲህ መጥቶ አይሄድም። እንዲያውም ሻርኮ ተቃራኒውን አስተውሏል፦ የፓርኪንሰን ሕመምተኞቹ በክረምት ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍትረው ይተኙ ነበር። ሙቀት ይሰማቸዋል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ትኩሳት አያሳይም።

ይህ ልዩነት ሕይወት ሊያድን ይችላል። በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ፣ ወይም ሰውነቱ ውስጥ ቱቦ የገባለት ሰው በድንገት ሲንዘፈዘፍ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጋቢ ደርቦ ማስተኛት አይበቃም። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ብርድ ሳይኖር ሲንቀጠቀጥ፣ በቀዝቃዛ ላብ ሲጠመቅ፣ ሲርበውና ሲደነባበር ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። መለኪያ ካለ ቶሎ ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሰውየው መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ያለው ነገር ወዲያው ይጠጣ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሕክምና ነው።

ሻርኮ በ1882 በነርቭ በሽታዎች ላይ ብቻ ያተኮረ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተፈጠረለት። ከዓለም ዙሪያ ሐኪም ይጎርፍ ጀመር። በ1885 መጨረሻ የመጣው አንዱ ወጣት ሲግመንድ ፍሮይድ ይባላል። ቤቱ ትልቅ ነበር፣ ሚስቱ ሀብታም፣ እንግዶቹ ፖለቲከኞችና ጸሐፊዎች። እንስሳ ይወድ ነበር፤ የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት የሰጡት ሮዛሊ የምትባል ዝንጀሮ ማዕድ ላይ አብራው ትቀመጥ ነበር። አደን ይጠላል።

ለእንስሳ ይህን ያህል የራራ ሰው ለሴቶቹስ? ታሪኩ እዚህ ጋ ይጨልማል። ሂስቴሪያ ይባል የነበረውን ሕመም ለማጥናት ወጣት ሴቶችን በሕዝብ ፊት እያፈዘዘ ያሳይ ነበር። ብላንሽ ዊትማን የምትባለዋ በጣም ታዋቂዋ ናት፤ ብሩዬ የተባለ ሠዓሊ በ1887 በሠራው ትልቅ ሥዕል ላይ ሐኪሞች ከበዋት ወደ ኋላ ስትወድቅ ትታያለች። ሐኪሞቹ ከእነሱ የሚጠበቀውን ለሴቶቹ ሳያውቁት ያስተምሯቸው ነበር፤ እነሱም ያንኑ ያሳያሉ። ላባ ለይቶ የሚያይ ዓይን ይህን ሳያይ ቀረ። ከሞተ በኋላ ተማሪው ባቢንስኪ ሳይቀር ትምህርቱን ትቶታል። አንድ ነገር ግን ልንነፍገው አንፈልግም። ሌላው ሐኪም አስመሳይ ብሎ ሲያባርራቸው የነበሩትን ሰዎች እሱ በእርግጥ ታመዋል ብሎ ተቀብሏቸዋል፤ ይህ ሕመም ወንድም እንደሚይዝ አሳይቷል። ዛሬ ሐኪሞች ሐሳብ ሲዘናጋ የሚቆም፣ ሌላኛው እጅ ምት ሲመታ ምቱን የሚቀይር መንቀጥቀጥ ያውቃሉ። ይህም ማስመሰል አይደለም፣ ሕክምናም አለው።

በመፈወስ በኩል እጁ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለፓርኪንሰን ከዕፅዋት የተቀመመ መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ ትንሽ ያቀላል። ሕመምተኞቹ በባቡርና በጋሪ ረጅም መንገድ ሲጓዙ እንደሚሻላቸው ሲነግሩት ግን አልሳቀባቸውም። የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራና በ1892 አስተማረበት። የጋሪ ሠሪ ልጅ አይደል! ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በተመሳሳይ ወንበር ሞከሩት፤ የተቀመጡት ተሻላቸው፣ በማይንቀጠቀጠው ወንበር የተቀመጡትም እኩል ተሻላቸው። ለፓርኪንሰን በእርግጥ የሚሠራው መድኃኒት ሌቮዶፓ የመጣው በ1960ዎቹ ነው።

ሻርኮ ያኔ ስልክ ቢኖረው ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የፎቶ ክፍል ያስከፈተ ሰው ነው። ስለዚህ ቤታችሁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ቅረጹት። መጀመሪያ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሳለ። ቀጥሎ ሁለቱን እጆች ወደፊት ዘርግቶ። ከዚያ ጣቱን ከአፍንጫው ወደ እናንተ ጣት ሲያመላልስ፣ ውኃ ሲጠጣ፣ ስሙን ሲጽፍና ሲራመድ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጻፉ፣ መቼ እንደጀመረም። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ነገሩ ይጠፋል፤ ቪዲዮው ግን አይጠፋም።

በነሐሴ 1893 ሻርኮ ከወዳጆቹ ጋር ለዕረፍት ወደ ሞርቫን ገጠር ሄደ። ልቡ ታሞ ነበር። በ16 ሌሊት ሴቶን የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለ ማረፊያ ሳንባው ውኃ ሞልቶ ትንፋሽ አጠረውና ሞተ፤ 67 ዓመቱ ነበር። ከመሄዱ በፊት ስለ ሂስቴሪያ ያስተማረውን እንደገና ሊመረምር ማሰቡን ጸሐፊው በኋላ ተርኳል። አልደረሰም። ልጁ ዣን ባፕቲስት ሐኪም ሆኖ ሳለ ሕክምናውን ትቶ የበረዶ አህጉር አሳሽ ሆነ፤ በ1936 አይስላንድ አጠገብ ከመርከቡ ጋር ሰጠመ። ለአባቱ በ1898 በሆስፒታሉ በር ላይ የነሐስ ሐውልት ቆሞለት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች ሐውልቱ ለብረቱ ሲባል ቀለጠ።